የባልየው ጫማ

የአልጋ አንጣፊዋ ጩኸት ኮሪደሩን ሲሰነጥቀው መርማሪው ከሽንት ቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር። ያቺን ክፍል የሰጡት ኮቱን አይተው ነው። ኮቱ የነተበ ሰው ሌላው ሲታጠብና ሲያንጎራጉር የሚሰማበት ክፍል ይደርሰዋል፤ በየትኛውም ማረፊያ ቤት ያልተጻፈ ደንብ ነው።

ወጣ። የኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለችው ክፍል ወለል ብላ ተከፍታለች። ከደጃፏ ውጭ፣ ግድግዳውን ተጠግተው፣ ጥንድ ጥቁር የወንድ ጫማዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። አልጋ አንጣፊዋ የሙቅ ውሃውን ጆግ ጥላ አፏን ይዛ ቆማለች፤ ውሃው ከእግሯ ስር ይተናል። የክፍሏ እንግዳ፣ ስፌት አስተማሪዋ፣ አልጋው ላይ በጀርባዋ ተዘርግታለች። ዓይኗ አልተከደነም።

ሰው ተሰበሰበ። መጀመሪያ ባለ ማረፊያዋ ደረሰች።

«ጉዴ ፈላ! ባልየውስ? ባልየው የት ሄደ?»

«ታሟል ሲባል አልነበር እንዴ? የታመመ ሰው የት ይደርሳል?» አለ የአውቶቡሱ ሾፌር፣ ጎንበስ ብሎ አልጋው ስር እያየ።

ከጎረቤት ክፍል የወጣው ፋርማሲስቱ ሁሉንም በትከሻው ገፋ አድርጎ ገባና የሟቿን እጅ ያዘ። ፊቱ የተላጨ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ነው። ጥቂት ቆይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ልብ ነው። ድካም ሲጠራቀም እንዲህ ያደርጋል። ነፍሷን ይማር።»

«እንግዲህ ዶክተር እርስዎ ካሉ…» አለች ባለ ማረፊያዋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ዶክተር አልነበረም። ያልሆነውን ሲባል የሚከፋው ሰው ግን ብዙ አይገኝም፤ እሱም አላረማትም።

መርማሪው አልጋው ዘንድ ደረሰና የሟቿን ከንፈር በጣቱ ገለጥ አደረገ። የከንፈሯ ውስጠኛ ክፍል በልዟል። ከጥርሶቿ መሃል የትራስ ጥጥ ተሰክቷል።

«ልብ ጥጥ አያስነክስም» አለ።

«አንተ ደግሞ ማነህ?» አለች ባለ ማረፊያዋ።

መታወቂያውን አወጣ። ከአለቃው ጋር ተጣልቶ ወደ ሩቅ ጣቢያ የተዛወረ መርማሪ መሆኑን መታወቂያው አይናገርም፤ ኮቱ ግን ይናገር ነበር። እሷም መታወቂያውን ትታ ኮቱን አየችው።

ማረፊያ ቤቱ ተራራው ወገብ ላይ የተለጠፈ ነው። ከትናንት በስቲያ ናዳ ከፊት ያለውን መንገድ በላው። ሾፌሩ ልመለስ ብሎ መሪውን ሲያዞር ከኋላም ሌላ ወረደ። አብዛኛው ተሳፋሪ ታች ካለው መንደር ማደሪያ ፈልጎ ወረደ፤ እነዚህ እዚህ ቀሩ። የክፍሎቹ መስኮቶች የብረት ፍርግርግ አላቸው። የግቢው በር ሲመሽ በሰንሰለት ይታሰራል፤ የጓጉንቸሩ ቁልፍ ከባለ ማረፊያዋ ወገብ አይወርድም። አየሩ እንኳ እርጥብ አንሶላና የጄኔሬተር ጭስ ሸቶ እዚያው በዚያው ይዞራል። ዛሬ ጠዋት ግን ከወዲያ ማዶ የግሬደር ድምፅ ይሰማ ጀምሯል።

ባልየውን ፈለጉት። ጣሪያው ስር፣ ውሃ ጋኑ ጀርባ፣ ከሰል ቤቱ ውስጥ። የለም። ሰንሰለቱም እንደታሰረ ነው።

«ሰው ነው ወይስ ጢስ?» አለ ሾፌሩ።

ያኔ አልጋ አንጣፊዋ ማልቀስ ጀመረች።

«ባል የለም» አለች። «መጀመሪያውኑም አልነበረም። አልጋው አንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚጨማደደው። ስጠይቃት ሳቀች። ‹ጫማውን ብቻ ይዤ የምዞርለት ባል ነው፣ አይጮህ፣ አይበላ› አለችኝ። ብቻዬን መሆኔን ለማንም አትንገሪ ብላ አስማለችኝ።»

መርማሪው አንዱን ጫማ ገለበጠው። ሶሉ አፈር ነክቶት አያውቅም። ተረከዙ ስር በጥፍር ቀለም የተቀባች ቀይ ነጥብ ነበረች።

ባለ ማረፊያዋ ፊቷ ተለወጠ። «እንግዲያውስ ብቻዋን መሆኗን የምታውቂ አንቺ ነሽ! የሁሉም ክፍል ቁልፍ ያለሽም አንቺ ነሽ!»

«እኔ እኮ… እትዬ፣ በማርያም…»

«አንገትሽ ላይ ያለው ምንድነው?»

ከሸሚዟ ስር በክር የተንጠለጠለ ፊሽካ ወጣ። የሟቿ ነው፤ ሁሉም አይተውታል።

«ሰጠችኝ! ማታ ስሄድ ጨለማ ነው ስላት…»

«የሞተ ሰው ‹አልሰጠሁም› አይል» አለ ፋርማሲስቱ፣ ቀስ ብሎ። «ደግሞ በሩ አልተሰበረም። በቁልፍ ነው የተገባው።»

ባለ ማረፊያዋ ስልክ ደወለች። የአካባቢው ጣቢያ አዛዥ፣ ዶክተር እዚያ እንዳለ ሲሰማ፣ ሌላ አልጠየቀም። ቆልፋችሁ ጠብቁኝ፣ ከግሬደሩ ኋላ በፒክአፕ እመጣለሁ አለ። አልጋ አንጣፊዋን የአንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ቆለፉባት። ወጥ ቤት በካርቶን ውስጥ የተኛው ጡት ያልጣለ ልጇ ነቃና ማልቀስ ጀመረ።

መርማሪው እዚህ ሥልጣን የለውም። አንድ ነገር ግን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ፒክአፕ ላይ የተጫነ ድሃ፣ ሲጫን ተጠርጣሪ ነው፣ ሲወርድ ጥፋተኛ። ግሬደሩ ከመድረሱ በፊት ካልሆነ፣ አይሆንም።

ወደ ሟቿ ክፍል ተመለሰ። የእጅ ቦርሳዋ ወንበሩ ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። ባትሪው፣ መርፌ ቁልፎቹ የተሰኩበት ጨርቅ፣ ትንሿ መቀስ፣ የውሃ ኮዳዋ፤ ሁሉም ከግርጌያቸው ቀይዋ ነጥብ አለች። መስኮቱ ደፍ ላይ የላስቲክ ሽብልቅ ተቀምጧል፤ በር ስር ሲወሸቅ ከውጭ በቁልፍም በጉልበትም የማያስከፍት ዓይነት። እሱም ነጥብ አለው። ጠረጴዛው ላይ ሽሮፕ የሚለካባት ትንሽ የፕላስቲክ ስኒ ነበረች። መርማሪው አነሳት፣ ገለበጣት፣ በኪሱ ያለውን መሃረብ አውጥቶ ጠቀለላት። ከዚያ የጎረቤቱን ግድግዳ በጣቱ መታ መታ አደረገ። ችፑድ ነው። ከወዲያኛው ወገን አንድ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ በግልጽ ተሰማ።

የአንሶላ ክፍሉ በር ጋ ሄዶ ተንበረከከ።

«ልጄ፣ ትሰሚኛለሽ?»

«ልጄን አምጡልኝ፣ ጋሼ። ጡቴ ፈሰሰ እኮ። ልብሴን በሙሉ አራሰው።»

«እነግራቸዋለሁ። አሁን እኔ የምጠይቅሽን መልሺልኝ። ዕቃዋን ያሳየችሽ የት ነው?»

«ምግብ አዳራሹ ውስጥ፣ ትናንት ራት ላይ። ሁሉም ነበሩ። እናቴ ጋ ብቻዬን ልሄድ እፈልጋለሁ፣ እፈራለሁ ስላት ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ‹ባሌ ዛሬ አብሮኝ ነው እንጂ ሁልጊዜ ብቻዬን ነው የምዞረው› አለችና አንድ በአንድ አሳየችኝ። ይሄ ለበር፣ ይሄ ለጨለማ፣ ይሄ ለቅሌታም።»

«ለቅሌታም የቱ ነው?»

«መርፌ ቁልፉ። አውቶቡስ ላይ ለሚጠጋ።» በበሩ ወዲያ እያለቀሰች ሳቀች። «ሾፌሩ ‹እኔ ደግሞ አውቶቡሴ ውስጥ ሁልጊዜ የሚጮኸው ማነው እላለሁ› ብሎ አሳቀን። ነጥቧንም ነገረችኝ፣ ግን በጆሮዬ ነው። ዕቃዬ ሲጠፋ ቀለሟ ትመሰክርልኛለች አለች።»

«መጨረሻ ያሳየችሽስ?»

«ብልቃጥ። በሻሽ ጠቅልላ። የእህቷ ናት። እህቷ ጊዜው ያለፈበት ሽሮፕ ጠጥታ ነው የሞተችው። ‹አዲስ ወረቀት ለጥፈው ሸጡላት፤ ከተማ ፍርድ ቤት ይዤው ልሄድ ነው› አለች።»

«ቦርሳው ውስጥ የለም።»

«እንዴት አይኖርም? ቦርሳውን ተንተርሳው ነው የምትተኛው።»

ሾፌሩን ወጥ ቤት አገኘው። ሕፃኑን እንደ መሪ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ያዞረዋል።

«ዝም ይላል እኮ ጋሼ፣ ኩርባ ላይ ብቻ ነው የሚያለቅሰው።»

«ዛሬ ጠዋት የግሬደሩን ድምፅ ስትሰማ ምን አደረግህ?»

«በየክፍሉ አንኳኳሁ። ‹ተነሱ፣ መንገድ ሊከፈት ነው› እያልኩ።»

«እሷም ጋ?»

«እሷም ጋ። ‹ተነሱ› ልል እጄን ሳነሳ ዶክተሩ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ።»

«ምን አለህ? የራስህን ቃል አትጨምር። እንዳለው ንገረኝ።»

ሾፌሩ ሕፃኑን ቀጥ አድርጎ ያዘውና አሰበ። የሰው ንግግር ሲያወራ የሰውየውን ድምፅ ጭምር የሚያመጣ ሰው ነበር። አገጩን ወደ ላይ አነሳ። «‹ተዋት ባክህ፣ ትተኛበት። በሚቀጥለው መኪና ነው የምትሄደው፣ ነግራኛለች።› እኔም ተውኩ።»

መርማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ፈገግታውም እንደ ኮቱ የቆየ ነበር።

ፋርማሲስቱ ቡናማ የቆዳ ቦርሳውን ዘግቶ ክፍሉ በር ላይ ቆሟል።

«ግድግዳው ቀጭን ነው። ሌሊቱን ምን ሰማህ?» አለው መርማሪው።

«‹ምን ሰሙ› ብትለኝ ክብርህ አይቀንስም። ምንም። እንደ ማንኛውም እንግዳ ተኝቻለሁ።»

«የታመመ ሰው ከጎንህ አለ ተብሎ ሳል አልሰማህም? ማቃሰት?»

«የሰው ትዳር አላዳምጥም።»

«ራት ላይ ቀድመህ ተነሳህ አሉ።»

«ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር» አለና ሰዓቱን አየ። «ይልቅ ያችን ምስኪን ሳታንገላታት አስረክብ። የታወቀ ነገር ላይ ጊዜ ማጥፋት የእናንተ ሥራ ነው።»

የግሬደሩ ድምፅ ቀረበ። ግድግዳው ይንቀጠቀጥ ጀመር። መርማሪው ባለ ማረፊያዋን ፈልጎ አገኛትና ሁሉንም ምግብ አዳራሽ ሰብስቢልኝ፣ ልጅቷንም አውጪያት አላት።

«ብታመልጥስ?»

«በየት? መስኮትሽ ብረት፣ በርሽ ሰንሰለት፣ መንገድሽ ናዳ። ሌላው ሁሉ ይቅርና እኛም አላመለጥንሽ።»

ልጅቷ ወጣች። ሸሚዟ ከደረቷ እስከ ወገቧ ርሷል። ሾፌሩ ሕፃኑን ሰጣት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀመጠች። ሕፃኑ ጡቷን ሲይዝ አዳራሹ ጸጥ አለ።

መርማሪው ጠረጴዛው ላይ ሽብልቁን፣ ጫማዎቹን፣ ባትሪውን ደረደረ።

«ከሽብልቁ ልጀምር» አለ። «በቁልፍ ነው የተገባው ብላችኋል። ይህ ከበር ስር ካለ ቁልፍ ዋጋ የለውም። ስናገኘው መስኮቱ ደፍ ላይ ነበር፤ በሩ ላይ የመፋቅ ምልክት የለም። አንስታ ያስቀመጠችው ራሷ ናት ማለት ነው። ሰው አንኳኳ፣ ከፈተችለት።»

«ለእሷ ትከፍታለቻ!» አለች ባለ ማረፊያዋ፣ ወደ ልጅቷ እያመለከተች።

«ትከፍታለች። ቆይ፣ አትቸኩይ። ሁለተኛ፤ ባልዋ አጠገቧ ተኝቷል ብሎ የሚያምን ሰው ሴት ለማፈን ትራስ ይዞ አይገባም። ገዳዩ ብቻዋን መሆኗን ያውቃል። አንቺም ልጅቷን የያዝሽባት በዚሁ ነው፣ ልክ ብለሻል። የቀረሽ አንድ ጥያቄ ነው። ሌላስ የሚያውቅ አለ?»

«ማን ሊያውቅ?»

«ሬሳው ሲገኝ አንቺ ያልሽው ‹ባልየውስ?› ነው። ሾፌሩ አልጋ ስር ፈለገው። አንድ ሰው ብቻ ስለ ባልየው ትንፍሽ አላለም። ቀጥ ብሎ ገብቶ ልብ ነው አለ።»

ፋርማሲስቱ ሳቀ። «ሕመምተኛ ያለበት ሳይሆን የሞተ ያለበት ክፍል ነበር። ዝም ማለት ወንጀል ሆነ?»

«ዝም ማለትህስ አይደለም፣ ያወራኸው ነው። ሾፌር፣ እሷ በር ላይ ምን ልትል ነበር?»

«‹ተነሱ!›»

«ለምን ‹ተነሺ› አይሆንም?»

«ሁለት ናቸዋ! ባልና ሚስት እኮ…» ሾፌሩ ቀስ ብሎ ወደ ፋርማሲስቱ ዞረ። «‹ተዋት› አልከኝ።»

«ሁላችሁም ስለዚያ ክፍል ስታወሩ ‹ተኝተዋል፣ በልተዋል፣ ደክሟቸዋል› ነበር የምትሉት» አለ መርማሪው። «ባልና ሚስት ያሉበት በር ላይ ቆሞ ‹ተዋቸው፣ ይተኙበት› የማይል ማነው? ይህ ሰው ‹ተዋት፣ ትተኛበት› አለ። ‹በሚቀጥለው መኪና ትሄዳለች› አለ፤ የታመመውን ባል መንገድ ላይ ጥላ ይመስል። ግድግዳው ችፑድ ነው። የአንድ ሰው እግር፣ የአንድ ሰው ትንፋሽ ሲሰማ ቆይቷል። ሲስል ያልተሰማው በሽተኛ ጭራሽ እንደሌለ ከእሱ የበለጠ ማን ያውቃል? የሚፈልገውም አውቶቡሱ እሷ ሳትገኝ እንዲሄድ ነበር።»

ፋርማሲስቱ ወደ ባለ ማረፊያዋ ዞረ። «በሰዋስው ሰው ሊከስ ነው፣ ይሰማሉ? የምላስ ወለምታ!»

«ዶክተር የተማሩ ሰው ናቸው…» ብላ ጀመረች፤ ግን ድምጿ መሃል ላይ ከዳት።

መርማሪው መሃረቡን ፈታ። «ይህቺ ስኒ ጠረጴዛዋ ላይ ነበረች። ሴትዮዋ ዕቃዋን ሁሉ ቀይ ነጥብ ታደርግበታለች። ባትሪዋን፣ ሽብልቋን፣ የሌለ ባሏን ጫማ ሳይቀር። ስኒዋ ላይ ነጥብ የለም። የሌላ ሰው ናት። በሩ ላይ የቆመው ሰው ምን እንዳላት ከዚህ ታውቃላችሁ። ‹ለባለቤትሽ መድኃኒት ይዤ መጣሁ።› ምን ትበል? አልፈልግም ብትል ባል እንደሌላት ታወቀባት። ሊጠብቃት የፈጠረችው ባል በሩን አስከፈታት።»

ከግድግዳው ወዲያ ድንጋይ ሲገለበጥ ተሰማ። ልጅቷ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ዞረች።

«ለምን?» አለች። «ምን አደረገችው?»

«ብልቃጧን አሳየችው። ራት ላይ፣ ሳታውቅ። የራሱን መድኃኒት ቤት ወረቀት በዚያች ብልቃጥ ላይ አየ። እሷ ባንኮኒ ላይ የሚሸጠውን ልጅ እንጂ እሱን አይታው አታውቅም፤ ብታውቀው ፊቱ አታወጣትም ነበር። ሻዩ አልቀዘቀዘም፤ እሱ ነው የቀዘቀዘው። መንገዱ ተዘግቶ፣ ከምታስፈርድበት ሴት ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርቶ ተቀመጠ። ብልቃጧ ደግሞ ከዚህ ቤት አልወጣችም። መውጫ የለማ። ቦርሳህን ክፈት።»

«መብት የለህም።»

«የለኝም። ሾፌር?»

«እኔ መብት ምናምን አላውቅም» አለ ሾፌሩና ቡናማውን ቦርሳ ከፋርማሲስቱ ጉልበት ላይ አነሳው።

ብልቃጦች ተደረደሩ፤ ሁሉም ወረቀታቸው የተስተካከለ፣ ሁሉም የሳል ሽሮፕ። መርማሪው አንድ በአንድ ገለበጣቸው። የመጀመሪያው ነጥብ የለውም። ቀጣዩም የለውም። መሃል ላይ ያለችውን ሲገለብጣት ግርጌዋ ላይ እንደ ምስር ፍሬ ያለች ቀይ ነጥብ ታየች። አውራ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ፤ ሙጫው አልደረቀም፣ ወረቀቱ ተንሸራተተ።

«እጅ የለመደውን አይተውም» አለ። «ብልቃጧን መስበር ትችል ነበር፣ ሽሮፑን መድፋት ትችል ነበር። አንተ ግን የጨነቀህ ቀን የምታውቀው ሥራ አንድ ነው። አሮጌውን ላጥክ፣ አዲስ ወረቀት ለጠፍክበት።»

ፋርማሲስቱ ቀይዋን ነጥብ ሲያይ ቆየ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ብትሰጠኝ እኮ ዝም ብዬ እወጣ ነበር» አለ። «ለመንኳት። ፊሽካዋን ፍለጋ እጇን ወደ አንገቷ ላከች። ይጮሃል ብዬ ነው… ትራሱን…»

ፊሽካው ግን የሟቿ አንገት ላይ አልነበረም። ሁሉም ወደ ልጅቷ አዩ። ልጅቷ ፊሽካውን በጡጫዋ ጨበጠች፤ ማልቀስ ያልሆነ፣ ድምፅ የሌለው ነገር ፊቷ ላይ አለፈ።

ፒክአፑ መጣ። አዛዡ መጀመሪያ ለፋርማሲስቱ እጁን ዘረጋ፤ ነገሩ ሲነገረው የዘረጋውን እጅ የት እንደሚያደርስ ጠፋው። ሬሳዋን በነጭ አንሶላ ጠቅልለው ወሰዱ። ብልቃጧም፣ ጫማዎቹም ለማስረጃ ሄዱ።

ባለ ማረፊያዋ ሻይ ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ቀድመው ቢነግሩን ኖሮ የተሻለች ክፍል…»

«ያቺው ተስማምታኛለች» አለ መርማሪው፤ ሻዩንም አልነካው።

አልጋ አንጣፊዋ ሽርጧን ፈትታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። የክፍሎቹን ቁልፍ ከላይ ጣለችበት።

«ወዴት ነው?» አለች ባለ ማረፊያዋ።

«እናቴ ጋ።»

«ብቻሽን? ከነልጅሽ?»

አውቶቡሱ ጋ ሄዳ ሾፌሩን በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። ሾፌሩ ሳቀ፣ ከወንበሩ ስር አሮጌ ጫማዎቹን ጎትቶ አወጣ።

«ውሰጃቸው። እነዚህ እንኳን ባል፣ ሽታቸው ብቻውን ሌባ ያባርራል።»

አውቶቡሱ በተቆረጠው አፈር መሃል እየተንገጫገጨ ወደ መንደሩ ወረደ። ሰዎች ተሳፈሩ። አንድ ወፍራም ሰው መተላለፊያውን አጣቦ መጣና ልጅቷ አጠገብ ቆመ።

«ሰው አለበት?»

ሕፃኑ ተኝቷል። ፊሽካው አንገቷ ላይ ነው። ባዶው መቀመጫ ስር ትላልቆቹ ጫማዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«አለበት። ባለቤቴ ናቸው» አለች፣ ፊቷን ሳታነሳ። «ወረድ ብለው ነው፣ ይመጣሉ።»

«ጫማቸውን አውልቀው ወረዱ?»

እጇ ሕፃኑ ጀርባ ላይ ቆመ። ከኋላው ወንበር ዕድሜውን በሙሉ የሰው ውሸት ሲፈታ የኖረው መርማሪ ከነኮቱ ተነሳ።

«ቀያሪ ይዘዋል» አለ። «አውቃቸዋለሁ። ቁጡ ሰው ናቸው፣ ይልቅ ወደ ኋላ እለፍ።»

ሰውየው አለፈ።